ቅጠል የሚመስለው የባሕር ቀንድ አውጣ

«እንደ ተክል ከፀሐይ የሚመገብ እንስሳ» የሚል ፎቶ በቴሌግራም ግሩፖቻችን ይዘዋወራል። ፎቶው እውነተኛ ነው፤ ጽሑፉ ግን ትንሽ ያጋንናል።

እንስሳው ዛጎል የሌለው የባሕር ቀንድ አውጣ ነው። ኢሊዥያ ክሎሮቲካ ይባላል፤ የሚኖረው በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ ነው። የአልጌን ሕዋስ በጥርሱ ወግቶ ጭማቂውን ይመጥጣል። ሌላውን ሁሉ ሲፈጭ ክሎሮፕላስቱን ግን ሳይፈጭ በአንጀቱ ሕዋሳት ውስጥ ያኖራል። በጎማና በአጋሮ የቡና ቅጠል ውስጥ በብርሃን ስኳር የሚሠራው ያው ክሎሮፕላስት ነው። እኛ ኢንጂነሪንጎቹ «ከጎረቤት ጣሪያ የተነቀለ ሶላር ፓነል» ብለነዋል። ይህ ዝርያ ለወራት ያቆየዋል። ከ300 በላይ ከሆኑት ዘመዶቹ ብዙዎቹ ግን ወዲያው ይፈጩታል።

ታዲያ ፓነሉ ይመግበዋል? እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ጥናት ሁለት ዘመዶቹ በጨለማ፣ ያለ ምግብ ለሳምንታት ቆዩ፤ አልሞቱም። ስለዚህ ያለ ፀሐይ አይኖርም ማለት አይቻልም። ብርሃኑ ከንቱ ነው ማለትም አይደለም፦ በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት ከብርሃን የተገኘው ካርቦን ወደ መራቢያ አካላቸው እንደሚደርስ፣ በቂ ብርሃን ያገኙትም ብዙ እንቁላል እንደሚጥሉ አሳይቷል።