የቼን ዠን የመጨረሻ ዝላይ

የብሩስ ሊን ስም ያልሰማች ከመካከላችን ጥቂት ናት። በየቪዲዮ ቤቱ ተጋፍተው ያዩት ወንድሞቻችን ዛሬም ርግጫውን ያነሣሉ። እ.ኤ.አ. በ1972 በሆንግ ኮንግ የወጣው «ፊስት ኦፍ ፊዩሪ»፣ ማለትም «የቁጣ ቡጢ»፣ ግን ከርግጫው ይልቅ ፍጻሜው የሚያነጋግር ፊልም ነው።

ታሪኩ የውጭ ኃያላን በገነኑባት በጥንቷ ሻንጋይ ይፈጸማል። እ.ኤ.አ. በ1910 ያረፉት መምህር ሁዎ ዩዋንጂያ በእውን የነበሩ ሰው ናቸው፤ ደቀ መዝሙራቸው ቼን ዠን ግን ለፊልሙ የተፈጠረ ነው። ቼን ወደ ት/ቤቱ ሲመለስ መምህሩ ሞተው ያገኛቸዋል። ጃፓናውያኑ ለቅሶ ቤት ድረስ መጥተው ይሳለቃሉ። በመናፈሻው በር ላይም ውሾችና ቻይናውያን እንዳይገቡ የሚከለክል ሰሌዳ አለ፤ ያውም በገዛ አገራቸው! ቼን ሰሌዳውን በርግጫ ይሰባብረዋል።

ለመሆኑ መምህሩን ማን ገደላቸው? መርዙን ያበላቸው ለጠላት ያደረው የገዛ ቤታቸው ወጥ ሠሪ ነው። የሰው ጓዳ የምንይዝ እኛ የዚህን ክህደት ክብደት እናውቀዋለን፤ ሰው የቀረበለትን ሳይመረምር የሚጎርሰው አምኖ ነውና። ለጃፓናውያኑ ያደረው አስተርጓሚ ውም አለ፤ በእኛ አነጋገር ባንዳ ማለት ነው።

ቼን ገዳዮቹንም ባንዳውንም፣ በመጨረሻም የጃፓናውያኑን አለቃ ሱዙኪን ይገድላል። ነገር ግን በቀል ዋጋ ያስከፍላል። እሱ በሌለበት ጠላቶቹ ት/ቤቱን ወረው ወንድሞቹን ፈጅተዋል። ፖሊሶች መጥተው ቼን ካልተሰጠን ስለሚሉ፣ የተረፉትም በአደጋ ላይ ናቸው።

በዚህ ጊዜ ተደብቆ የነበረው ቼን ራሱ ይወጣል። እጁን ለመስጠት የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ት/ቤቱ እንዳይነካ። የፖሊስ አዛዡም ቃል ይገባለታል፤ አዛዡን ሆኖ የሚጫወተው የፊልሙ ዳይሬክተር ሎ ዌይ ራሱ ነው። ቼን ከደጃፉ ሲወጣ ጠመንጃ ተደግኖ ይጠብቀዋል። ጮኾ ወደ ጠመንጃዎቹ ይዘላል፤ ሥዕሉ በአየር ላይ እንዳለ ቀጥ ይላል፤ የምንሰማው የተኩስ ድምፅ ብቻ ነው። ሲወድቅ አናየውም።

እ.ኤ.አ. በ1994 ጄት ሊ በተጫወተበት «ፊስት ኦፍ ሌጀንድ» ቼን በሕይወት ተርፎ ይሄዳል። ያኛው ደስ ያሰኛል፤ የፊተኛው ግን ከልብ አይጠፋም።

እኅቶች፣ ብዙዎች ይህን ፍጻሜ የጀግና ሞት ብቻ አድርገው ያዩታል። ነገር ግን ወጥ ሠሪው ለጠላት አድሮ ያበላውን ቤት አፈረሰ፤ ቼን ደግሞ ቁጣው በወንድሞቹ ላይ ያመጣውን ዕዳ በራሱ ሕይወት ከፈለ። ጠላቱን ያሸነፈው በቡጢው ነበር፤ ቤቱን ያተረፈው ግን ቡጢውን አጥፎ በወጣበት ሰዓት ነው። ፊልሙን የምታዩ ከሆነ ከዝላዩ በፊት ያለችውን ያችን አጭር ጊዜ ልብ ብላችሁ ተመልከቷት።