በክረምት መንገድ፦ በእጅ የሚለወጥ ማርሽ ወይስ አውቶማቲክ?

የሐዋሳ ነጋዴ ዝናብን የሚቈጥረው ከሐምሌ ጀምሮ አይደለም። በሲዳማ ደጋዎች መንገዱ በበልግ መርጠብ ይጀምርና እስከ መስከረም ድረስ ፋታ አይሰጥም። ስኳሩ፣ ዘይቱና ቆርቆሮው በሞጆ፣ በባቱና በሻሸመኔ አድርጎ ሐዋሳ ከደረሰ በኋላ ወደ አለታ ወንዶ፣ ወደ ሀገረ ሰላምና ወደ በንሳ የሚወጣው በዚሁ ወራት ጭምር ነው። አንድ የጭነት መኪና በጭቃ ተይዞ ያደረ እንደ ሆነ የሚጐዳው የዕለቱ ሽያጭ ብቻ አይደለም፤ ዕቃ ይደርስልኛል ብሎ ገንዘቡን አስቀድሞ የከፈለው የገጠር ባለሱቅም አብሮ ይጐዳል። መኪና ለመግዛት የተነሣ ሰው ዋጋውንና ቀለሙን ከመጠየቁ በፊት ካምቢዮው ምን ዓይነት እንደ ሆነ መጠየቁ ስለዚህ ተገቢ ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እንዲህ ነው። በእጅ በሚለወጠው ማርሽ የሞተሩ ኀይል ወደ ጎማ የሚተላለፈው በፍሪሲዮን ሸራ ሲሆን፣ የሚያገናኘውም የሚያላቅቀውም የሾፌሩ እግር ነው። በተለመደው አውቶማቲክ ግን በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለው አገናኝ ዘይት ነው፤ ማርሹም በፍጥነቱና በነዳጅ አሰጣጡ መጠን በራሱ ይለወጣል። ይህ አሠራር ለብዙ ገዢ የቀረበው የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ ለ1940 እ.ኤ.አ. ሞዴል ኦልድስሞቢል መኪናዎች ሃይድራማቲክ የተባለውን ካምቢዮ ባወጣ ጊዜ ነው።

በእርጥብ አስፋልትና በከተማ ውስጥ አውቶማቲኩ የተሻለ ጠባይ አለው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኀይሉን ቀስ አድርጎ ስለሚሰጥ ጎማው በድንገት አይሽከረከርም፤ ሞተሩም በመንገድ መጨናነቅ መካከል አይጠፋም። ገና መንዳት የለመደ ሰው በዝናብ ውስጥ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ ሁለት እጁን በመሪው ላይ ለማኖር ይችላል። በእጅ በሚለወጠው ማርሽ ተመሳሳይ ልስላሴ የሚፈልግ ሾፌር በሚያዳልጥ ሜዳ ላይ በሁለተኛ ማርሽ መነሣት ይኖርበታል። ልሙጥ ጎማ ላለው መኪና ግን ከሁለቱ የትኛውም ካምቢዮ አያድነውም።

ጭቃው ጥልቅ በሆነ ጊዜ ነገሩ ይለወጣል። የተያዘ መኪናን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያወዛወዙ ማውጣት የታወቀ ዘዴ ነው፤ ለዚህም በእጅ የሚለወጠው ይመቻል። ነገር ግን ፍሪሲዮኑን ግማሽ ረግጦ ሞተሩን ማስጮኽ ሸራውን ያቃጥለዋል፤ ሽታው ቀድሞ ይናገራል። በአውቶማቲኩም በኩል ጎማውን በከንቱ ማሽከርከር ዘይቱን ያግላል፤ በጣም የጋለ ዘይት ደግሞ ካምቢዮውን ቀስ በቀስ ይገድለዋል። ጎማው ሁለት ሦስት ጊዜ ዞሮ መኪናው ካልተንቀሳቀሰ፣ ከነዳጅ መስጫው ይልቅ አካፋና ድንጋይ መፈለግ ይረክሳል።

ከሁሉ የሚከብደው ቁልቁለቱ ነው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ሀገረ ሰላም ግን ከ2,600 ሜትር በላይ ናት። ከነጭነቱ 6,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና ይህን ያህል ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ኀይል በሙሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ ከ150 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ አየሩና የጎማው ግጭት ከሚወስዱት በቀር፣ የቀረውን የሚሸከመው ወይ ሞተሩ ወይ ፍሬኑ ነው። በእጅ የሚለወጥ ማርሽ ያለው ሾፌር ቁልቁለቱ ሳይጀምር ወደ ዝቅተኛ ማርሽ ይገባል፤ ሞተሩም መኪናውን ይዞ ያወርደዋል። በብዙ የአይሱዙ መኪናዎች ላይ የሚገኘው የጭስ ማውጫ ፍሬንም ይህንኑ ያጠነክራል። አውቶማቲኩም ቢሆን ዝቅተኛ ማርሽ የሚያዝበት ቦታ አለው፤ ችግሩ ብዙ ነጂዎች እጀታውን በ«ዲ» ላይ ትተው በፍሬን ብቻ መውረዳቸው ነው። የጋለ የፍሬን ሸራ ደግሞ በረገጡት መጠን አይዝም።

ናፍጣ ለመቈጠብ ሲባል በዜሮ ማርሽ ቁልቁል መልቀቅ የሚባል ልማድ አለ። ይህ ቁጠባ አይደለም። ዘመናዊ ሞተር በማርሽ ላይ ሆኖ ነዳጅ ሳይሰጡት ሲወርድ የነዳጁን ፍሰት ያቆማል፤ በዜሮ ማርሽ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይጠጣል። ሾፌሩን በትርፍ ናፍጣ የሚመዝን ባለንብረት ይህን ቢያውቅ ይጠቀማል።

ስለ ጥገናም መታሰብ አለበት። የፍሪሲዮን ሸራ መለወጥ በየወረዳው ከተማ ያለ መካኒክ የሚሠራው ሥራ ነው፤ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ግን ልዩ መሣሪያና ትክክለኛ ዘይት ይፈልጋል። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁለተኛው የቪትዝ ሞዴል በብዛት የተሠራበት፣ በብረት ቀበቶና በመዘውር የሚሠራው ሲቪቲ የተባለው ዓይነት በተለይ ለራሱ ከተመደበው ዘይት ሌላ ሊጨመርበት አይገባም። ገዢው ዘይቱን አይቶ ጠቁሮና የመቃጠል ሽታ ይዞ ካገኘው ዋጋው ቢረክስም ይተወው። ወተት መስሎ የነጣ ዘይት ደግሞ ውሃ እንደ ገባበት ያመለክታል፤ በጎርፍ ውስጥ ያለፈ መኪና ይህን ምልክት ሊያሳይ ይችላል።

ባትሪ ቢደክም በእጅ የሚለወጠውን ገፍቶ ማስነሣት ይቻላል፤ አውቶማቲኩን ግን አይቻልም። መጐተት የግድ ሲሆንም የአውቶማቲኩ ነጂ ጎማዎች ከመሬት መነሣት አለባቸው፤ ሞተሩ ካልሠራ ዘይት የሚያሠራጨው ፓምፕ አይሠራምና።

ስለዚህ ወደ ደጋ ጭነት ለሚልክ ነጋዴ በእጅ የሚለወጠው፣ በከተማው ውስጥ ለሚመላለስ ደግሞ አውቶማቲኩ ይሻላል። ይህ ምርጫ ግን ከአሮጌው ክምችት ውስጥ የሚደረግ እየሆነ መጥቷል። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከፍተኛ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። በእጅ ያለው ካምቢዮ እንግዲህ እንደ ካፒታል መጠበቅ ይኖርበታል።

አስመጪዎች አሁን የሚያመጧቸው የኤሌክትሪክ መኪናዎች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ማርሽ ብቻ አላቸው፤ ሞተራቸው ከመነሻው ሙሉ ጕልበት ስለሚሰጥ በጭቃ ላይ እግርን ማለዘብ ያሻል። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ፍሬን ሆኖ ባትሪውን ይሞላል፤ ባትሪው አስቀድሞ የሞላ ከሆነ ግን ኀይሉን የሚቀበልበት ቦታ የለውምና ሸክሙ ወደ ፍሬኑ ሸራ ይመለሳል። ከሀገረ ሰላም ወደ ሐዋሳ የሚወርድ ሰው ባትሪውን ጢም አድርጎ ከመሙላት ጥቂት አጕድሎ ቢነሣ ይመረጣል።