የአውስትራልያ ዘውድና የሕዝብ ድምፅ

ሕግ የሚጸናው በመጻፉ ብቻ አይደለም፤ ትርጓሜውን የሚያውቅና የሚያስረዳ ሰው ሲኖረውም ነው። ለዚህም የአውስትራልያ ነገር ምስክር ይሆናል።

የእንግሊዝ ዘውድ የአውስትራልያም ዘውድ ነው። ይህ ቀርቶ ሪፑብሊክ ይቁም የሚለው አሳብ በበረታ ጊዜ፥ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1992 ዓ.ም. «አውስትራልያውያን ለሕገ መንግሥታዊ ዘውድ» የተባለ ማኅበር ተመሠረተ። ከመሥራቾቹ አንዱ ዳኛው ማይክል ከርቢ ነበሩ። ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ቶኒ አቦትም በሥራ መሪነት አገልግለውታል።

ማኅበሩ ንግሥት ኤልሳቤጥን በማወደስ ብቻ አልተከራከረም፤ ዘውዱ ከፓርቲ ክርክር በላይ ስለ ሆነ የሹማምንትን ሥልጣን በልክ ይይዛል ሲል አስረዳ እንጂ።

በ1999 ዓ.ም. ኖቬምበር 6 ቀን ሕዝቡ ተጠየቀ። የቀረበው አሳብ ፕሬዚዳንቱ በፓርላማ ከሦስት ሁለት እጅ ድምፅ እንዲሾም ነበር። ከመቶው 55 ያህሉ አይሆንም አለ፤ ስድስቱም ክፍላተ ሀገር አልተቀበሉትም።

ነገር ግን ድሉ የዘውድ ወዳጆች ብቻ አልነበረም። ፕሬዚዳንቱን ሕዝብ ራሱ ይምረጥ የሚሉ ብዙ ሪፑብሊካውያንም አብረው ነፍገውታል። እንግዲህ በተቃዋሚ መከፋፈል የተገኘ ድል ማስተማርን አያስቀርም፤ ዘውዱ በ2022 ዓ.ም. ለንጉሥ ቻርልስ ሲተላለፍም ክርክሩ አብሮ ተላልፏልና።