ከሠርግ በፊት ዐሥር ኪሎ

ኅዳር ሲገባ ቢሮዬ በሙሽሮች ይሞላል። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ከዐቢይ ጾም በፊት ያልተደገሰ ድግስ እስከ ፋሲካ መቆየቱ ነው። ቀኑ ተቆርጧል፣ ካርዱ ታትሟል፣ ቬሎው ታይቷል፤ የቀረው ሰውነት ነው። «ዶክተር፣ ዐሥር ኪሎ ብቻ!» ይሉኛል። (የሥነ ምግብ ባለሙያ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ነጭ ጋውን ለብሶ ይህን ማስረዳት ግን ትርፉ ድካም ነው።)

ብዙዎቹ እኔ ዘንድ ሳይደርሱ ጀምረውታል። እንጀራ ትተዋል፣ ቁርስ የለም፤ ስልካቸው ላይ «በቀን 1,200 ካሎሪ» የሚል ከቴሌግራም የወረደ ዝርዝር አለ። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ «ከጾሙ ጋር አያይዤዋለሁ» የሚሉም አሉ። ይሄኛው ይከነክነኛል። ለነፍስ የተሠራ ጾም ወገብ ማቅጠኛ ሲሆን ጾሙም አመጋገቡም ይበላሻል። ደንበኛዋ ጿሚ ሰዓቷ ሲደርስ ሽሮዋን፣ ምስሯን፣ ጎመኗን በእንጀራ ጠግባ ትበላለች። ሙሽራዋ ግን ሁለቴ ጎርሳ ትነሣለች፤ ሌሊት ማድ ቤት ቆማ ዳቦ ትገምጣለች፤ ከዚያ እኔ ዘንድ መጥታ «ራሴን መግዛት አቃተኝ» ብላ ታለቅሳለች።

የሚኒሶታን ነገር የምነግራት ያኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 አንሴል ኪስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን፣ በፈቃዳቸው፣ ለ24 ሳምንታት ከፊል ረሃብ ውስጥ አቆያቸው። የቀን ድርሻቸው በአማካይ 1,570 ካሎሪ ገደማ ነበር፤ ከቴሌግራሙ ዝርዝር ይበልጣል! ክብደታቸው በሩብ ያህል ወረደ። አብሮም ብርድ ብርድ ይላቸው፣ ይነጫነጩ ጀመር፤ ከምግብ ሌላ ወሬ ጠፋ፤ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ይዘው የሚያመሹ ነበሩ። እንደ ልብ ብሉ ሲባሉ ደግሞ ቶሎ አልጠግብ አሉ። የሌሊቱ ዳቦ ከዚህ የተለየ ታሪክ የለውም፤ የተራበ ሰውነት የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ሚዛን ላይ አላወጣትም። ጠዋት ምን በላሽ፣ እንቅልፍሽ እንዴት ነው፣ የወር አበባሽ ጊዜውን ይጠብቃል ወይ፣ ስትጠግቢ ይታወቅሻል ወይ እላታለሁ። የመጨረሻው ጥያቄ ዝም ያሰኛል። እኛ አገር ጥጋብን የሚወስነው አጉራሹ ነው፤ «በሞቴ» ሲባል የማይከፈት አፍ የለም። ከዚያ ቁርስ ይመለሳል፣ እንጀራም ይመለሳል። ጤፍ ፋይበር አለው፤ ከሽሮ ወይም ከምስር ጋር ሲበላ የእህሉና የጥራጥሬው ፕሮቲን ይደጋገፋል። በውድ የሚገዛው ኦትስ ከዚህ የሚበልጥበት ነገር አልታየኝም። ጂም ከሰለቻት እስክስታ ትለማመድ፤ ለሠርጓም ይሆናታል።

ክብደትን ከጤና እየለየሁ አይደለም። ስኳር፣ የደም ግፊት፣ የደም ማነስ ይታያሉ፤ ሳታስበው የከሳች ወይም በድንገት የወፈረች ወደ ሐኪም ትሄዳለች። ግን ሰዓት ጠብቆ መብላት፣ በእግር መሄድ፣ የታዘዘ መድኃኒት መውሰድ ኪሎ እስኪወርድ አይጠብቅም።

ከሁሉም የሚያስቸግረኝ ቤተ ዘመድ ነው። እናት አጠገቧ ተቀምጣ «ልጄ ከስታ አለቀች» ትላለች፤ አክስት በስልክ «ቬሎው ይገባታል ወይ?» ትላለች። ሁለቱም የሚወዷት ናቸው። በልጅነቷ «ብይ እንጂ፣ ሰው ምን ይለናል» ያሏትም እነሱው ናቸው። ልጅቷ ምግብ ፊት ስትቀርብ የምትሰማው የራሷን ሆድ ሳይሆን የእነሱን ድምፅ ነው።

እናንተ የጥር ሙሽራ ያለቻችሁ እናቶችና አክስቶች፣ ቬሎውን ዛሬ ባላት ልክ ተከራዩላት፤ ማጥበብና ማስፋት የሰፊዎቹ ሥራ ነው። «ወፈርሽ፣ ከሳሽ» የሚለውን ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ቢያንስ መልሱ እስኪያልፍ ያዙልኝ።