ምዕራፍ ስድስት፦ የበሬ ጥርስ እና የበሬ ጫንቃ

ያገለገለ መኪና ለሚገዛ ሰው የሚሰጠው ምክር ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ ዓመተ ምርቱን እይ፣ የተጓዘውን ኪሎ ሜትር አንብብ፣ ሊብሬውን አመሳክር። ሊብሬውስ ይሁን፤ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ካልገጠመ ንግግሩ እዚያው ያበቃል። የቀሩት ሁለቱ ግን ገዢውን ያዘናጉታል። ሰንበቴ ገበያ በሬ የሚገዛ የይፋት ገበሬ ጥርሱን ገልጦ ዕድሜውን ካየ በኋላ እጁን ወደ ጫንቃው ይልካል፤ ቀንበር የመለጠው፣ ያበጠ ወይም የደደረ እንደሆነ ይዳብሳል፤ ከዚያም ያስኬደዋል። ጥርስ ስንት ዓመት እንደኖረ ይናገራል፤ ጫንቃ ደግሞ ምን ሲሠራ እንደኖረ። መኪና ገዢው ግን በጥርስ ብቻ በሬ ይገዛል፤ ያውም ጥርሱ በደላላ እጅ ወደ ኋላ በሚመለስበት ገበያ።

ሸዋሮቢት ላይ የሚሸጥ መኪና ጫንቃው የሚመለጠው ጣርማበር ላይ ነው። መንገዱ ጣርማበርን የሚያልፍበት ዋሻ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ተኝታለች፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ከነጭነቱ ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ይህን ቁልቁለት ሲወርድ የሚያራግፈው ጉልበት፣ አንድ ሊትር ቤንዚን ሲነድ ከሚሰጠው ሙቀት ጋር ይቀራረባል። ስምንት ቶን የሞላ አይሱዙ ከሆነ የአራት ሊትር ያህል ነው። ጥቂቱን ነፋሱና ጎማው ይወስዱታል፤ የቀረውን ወይ ሞተሩ በከባድ ማርሽ ይይዘዋል፣ ወይ ፍሬኑ ይጠጣዋል። ነዳጅ ለመቆጠብ ፎሌ አስገብቶ የሚንሸራተት ሹፌር ሸክሙን ሁሉ ለፍሬኑ አሸከመው ማለት ነው። የፍሬን ዘይት ደግሞ እርጥበት ይስባል፤ አዲስ ዶት 3 ዘይት እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት ሲጠበቅበት፣ ውሃ የጠጣው ግን 140 ዲግሪ አካባቢ ሊፈላ ይችላል። የፈላ ዘይት አረፋ ይሠራል፤ አረፋ ይታመቃል፤ ፔዳሉም ወለል ይነካል። «ፍሬን በጠሰ» የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ ምንም ሳይበጠስ የሚሆን ነው።

አቀበቱ ሌላ ፈተና አለው። መኪናው ከቆላው ሙቀት ተነሥቶ፣ ጭነቱን ይዞ፣ በዝግታ ሲወጣ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ያንሰዋል። ጫፉ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃም 90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ራዲያተሩን ከመፍላት የሚያድነው ክዳኑ አምቆ የያዘው ግፊት ነው፤ ክዳኑ ከላላ ሜዳ ላይ ያልታየ ገመና መንገዱ ላይ ካለችው ደብረ ሲና ሳይደረስ ይገለጣል። አንዴ ክፉኛ ከፈላ ቴስታታው ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል። ወደ በሬያችን እንመለስ፦ ባሌስትራው ወገቡ ነው፣ ፍሪሲዮኑ ሰኮናው፣ የማርሚታው ጭስ ትንፋሹ፤ ጭስና ድምፅ እንዲደብቅ ወፍራም ዘይት የተሞላ ሞተር ደግሞ ገበያ ሊወጣ ሲል ጨው ልሶ ውሃ የጠጣ በሬ ነው። ምንም ሳያንጠባጥብ ውሃ የሚጎድልበት ሞተር ወደ ውስጥ እየደማ ነው።

የአሮጌ መኪና ወዳጆች እዚህ ላይ ይነሣሉ፦ «ተሳቢ እየጎተተ ተራራ የወጣውን ኤንትሬ ተመልከቱ፤ የዱሮው ብረት ነው፣ የዛሬው ፕላስቲክ!» ኤንትሬ፣ ማለትም ፊያት 682 ኤን 3፣ ውዳሴው አይበዛበትም። ሆኖም የምናየው የተረፈውን ብቻ ነው፤ ገደል የገባው፣ ላሜራው ተቆራርጦ የተሸጠው አይታይም። የዘጠና ዓመት ሽማግሌ አይቶ «ዱሮ ሰው አይሞትም ነበር» እንደማለት ነው። ስለ ቮልስም «ውሃ የለውም፣ አይፈላም» ይባላል። እውነት ነው፣ አይፈላም፤ ይግላል እንጂ። የሚያቀዘቅዘው አየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ደግሞ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። የእነዚህ መኪኖች እውነተኛ ብልጫ መካኒክ በዓይኑ አይቶ በእጁ ሊጠግናቸው መቻሉ ነው። እነሱን ያቆየው ጥገና እንጂ ዕድሜ አይደለም።

ሕጉም በጥርስ ይፈርዳል። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ አገልግለው ከውጭ በሚገቡ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። የጉምሩክ ሠራተኛ የእያንዳንዱን ጫንቃ ሊዳብስ አይችልም፣ የሚነበብ ቁጥር ያስፈልገዋል የሚለው ክርክር ያስኬዳል። ገዢው ግን እጅ አለው። በ2016 ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ አገር ውስጥ ያሉት ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ፤ ታሪካቸው የሚጻፈው በእኛው መንገድ ላይ ነው። ታዲያ የይፋት መኪና አይገዛ? ይገዛ እንጂ። ያው ቁልቁለት በከባድ ማርሽ ለሚወርድ ሹፌር ፍሬን አይበላም። ስለዚህ ገዢው ሻጩን «ስንት ዓመቱ ነው?» ከማለቱ በፊት «የት ሲሠራ ነበር? ምን ሲጭን?» ይበል። በቀትር ከሮቢት ወደ ደብረ ሲና ይውጣበት፤ የሙቀት መርፌውን ይከታተል፤ ሲመለስ ፔዳሉን ይመዝን፣ ወርዶም ጎማዎቹን ያሽትት። በማግስቱም ሞተሩ ሳይነሣ፣ በቀዝቃዛነቱ፣ ክዳኑን ይክፈት። ማታ የሞላው ውሃ ጎድሎ ከሥር ጠብታ ከሌለ፣ የዋጋ ክርክሩ ይቅርበት።