ጫማውን እግር ይምረጠው

የሩጫ ጫማ ሲገዛ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚታየው ቀለሙ፣ የፋብሪካው ስምና ዋጋው ነው፤ በጫማው የሚሮጠው እግር ግን የሚታሰበው በመጨረሻ፣ አንዳንዴም ጫማው ተገዝቶ ቤት ከገባ በኋላ ነው። የሰው እግር 26 አጥንቶች፣ 33 መገጣጠሚያዎችና እነዚህን አያይዘው የሚያንቀሳቅሱ ከመቶ በላይ ጡንቻዎችና ጅማቶች ያሉት ሲሆን፣ በሩጫ ላይ በእያንዳንዱ እርምጃ የሰውነትን ክብደት ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ የሚሆን ጫና ይቀበላል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው እየሮጠ መሬት በረገጠ ቁጥር ከ120 እስከ 180 ኪሎ ጋር የሚስተካከል ጫና በአንድ እግሩ ላይ ያርፍበታል ማለት ነው፤ ይህም በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ብቻ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል። በመደብር ውስጥ ቀላል መስሎ የታየ መጥበብ ወይም መስፋት ከረጅም ሩጫ በኋላ ውሃ የቋጠረ ተረከዝ ወይም የጠቆረ ጥፍር ሆኖ የሚገለጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ለብዙ ዓመታት የጫማ ሻጮችና የስፖርት መጽሔቶች ሲያስተምሩት የኖሩት የምርጫ ዘዴ በእግር ቅስት ላይ የተመሠረተ ነበር። ቅስት የሚባለው ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት ሥር ድረስ በውስጠኛው ጎን ከመሬት ከፍ ብሎ የሚታየው ጎበጥ ያለ ክፍል ነው። እግር በሩጫ ጊዜ መሬት ሲነካ ቅስቱ ዝቅ እያለ ወደ ውስጥ በመጠኑ ያዘነብላል፣ በዚህም የምቱን ኃይል ያበርዳል፣ ቀጥሎም ተመልሶ ይጠነክርና ሰውነትን ወደ ፊት ይገፋል። በስፖርት ሕክምና ፕሮኔሽን ተብሎ የሚጠራው ይህ ማዘንበል ጤናማ የእግር ሥራ ነው። ሆኖም ቅስቱ ዝቅተኛ የሆነ ሰው ከመጠን በላይ ያዘነብላል፣ ቅስቱ ከፍተኛ የሆነ ደግሞ ከሚገባው በታች ያዘነብላል ተብሎ ስለታመነ፣ ገዢው እግሩን ውሃ አስነክቶ ወረቀት ላይ በመቆም የእግሩን ቅርጽ እንዲያይ፣ ከዚያም ለጠፍጣፋ እግር ማዘንበልን የሚገታ ጠንካራ ጫማ፣ ለከፍተኛ ቅስት ደግሞ ለስላሳ ጫማ እንዲገዛ ይመከር ነበር።

ምክሩ ለማስታወስ የሚቀል ቢሆንም ፈተናውን ግን አላለፈም። በአሜሪካ የምድር ጦር፣ የአየር ኃይልና የባሕር ወለድ ጦር ምልምሎች ላይ ተካሂደው እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 በታተሙ ጥናቶች፣ በእግራቸው ቅርጽ መሠረት ጫማ የታደላቸውና ቅርጹ ሳይታይ አንድ ዓይነት ጫማ የተሰጣቸው ምልምሎች ያጋጠማቸው ጉዳት ያን ያህል የሚለያይ ሆኖ አልተገኘም። በዴንማርክ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ሩጫ የጀመሩ 927 ሰዎችን ማዘንበልን በማይገታ ተራ ጫማ ለአንድ ዓመት ተከታትሎ፣ ከተለመደው በመጠኑ አብልጦ የሚያዘነብል እግር ያላቸው ሯጮች ከሌሎቹ ይበልጥ እንደማይጎዱ አሳይቷል። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት የእግር ቅርጽ ፈጽሞ አያስፈልግም የሚል ሳይሆን፣ በወረቀት ላይ የታተመ የቆመ እግር ምልክት በሩጫ ላይ ያለውን እግር ሥራ ሊናገር አይችልም የሚል ነው።

በካናዳ የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ቤኖ ኒግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ያቀረቡት ሐሳብ ነገሩን ወደ ሯጩ ስሜት ይመልሰዋል። በእነርሱ አመለካከት እያንዳንዱ ሰው የራሱ የሆነ ተፈጥሯዊ የእንቅስቃሴ መንገድ አለው፤ ይህን መንገድ የማያውክ ጫማ ደግሞ ለእግር ምቹ ሆኖ ይሰማል፤ ስለዚህ ምቾት የቅንጦት ጉዳይ ሳይሆን አካል የሚሰጠው መረጃ ነው። ይህ ሐሳብ ለተራው ሯጭ ትልቅ ነጻነት የሚሰጥ ነው፤ ውድ የመመርመሪያ መሣሪያ በሌለበት ከተማም ቢሆን ማንም ሰው በራሱ እግር ላይ ሊሞክረው ይችላልና።

ምቾት በትክክል የሚለካው ግን በጥንቃቄ ነው። እግር ከሰዓት በኋላና በሩጫ ጊዜ ስለሚያብጥ ጫማ መለካት ያለበት ወደ አመሻሹ ላይ፣ ለሩጫ በሚደረገው ካልሲ ነው። የአብዛኛው ሰው ሁለት እግር እኩል ስላልሆነ መለኪያው ትልቁ እግር ይሆናል። ገዢው ጫማውን ከማጥለቁ በፊት የውስጡን ተነቃይ ንጣፍ አውጥቶ መሬት ላይ በማኖር በባዶ እግሩ ቢቆምበት፣ እግሩ ከንጣፉ ጠርዝ ውጭ የሚተርፍበትን ቦታ በዓይኑ ያያል፤ ትንሿ ጣት ከጠርዙ ከወጣች ጫማው በርዝመት ቢበቃ እንኳ በጎን ይጠባል። ካጠለቀ በኋላ ቆሞ ሳለ ከረጅሙ ጣት ፊት የአንድ የእጅ አውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ቦታ ሊቀር ይገባል፤ ረጅሙ ጣት ደግሞ ሁልጊዜ አውራ ጣት አይደለም፣ በብዙ ሰው ላይ ሁለተኛው ይበልጣል። ይህ ቦታ ከሌለ በቁልቁለት ላይ ጣቶች የጫማውን አፍንጫ እየመቱ ጥፍር ይጠቁራል። ተረከዝ በአንጻሩ ሳይንሸራተት መያዝ አለበት፤ በመጠኑ የሚንሸራተት ከሆነ ከላይ ባለችው ተጨማሪ ቀዳዳ ማሰሪያውን አሳልፎ ማሰር ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። ሲለበስ እየሰፋ ይለምዳል የሚለው የሻጮች ማጽናኛ ለቆዳ ጫማ ሊሠራ ይችል ይሆናል እንጂ፣ ለሩጫ ጫማ መቀበል አይገባም።

ከልኩ ቀጥሎ የሚታየው ሶሉ ነው። በመሬት መርገጫውና በእግር መካከል ያለው ወፍራም የአረፋ ክፍል ከተረከዝ በኩል ከጣት በኩል ይልቅ ከፍ ብሎ የሚሠራ ሲሆን፣ ልዩነቱ ከዜሮ እስከ 12 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ልዩነቱ ሲያንስ ጫናው ወደ ባትና ወደ ተረከዝ ጅማት ይበረታል፣ ሲጨምር ደግሞ ወደ ጉልበት ያደላል፤ ስለዚህ ከፍ ያለ ተረከዝ የለመደ ሯጭ በአንድ ጊዜ ወደ ዝቅተኛው ቢሻገር ባቱን ይታመማል። የሚሮጥበት መሬትም ይወስናል፦ ለአስፋልት ለስላሳና ለጥ ያለ መርገጫ ሲበቃ፣ እንደ እንጦጦ ባለ ጫካ ውስጥ በሥርና በድንጋይ መካከል ለሚሮጥ፣ በክረምትም ጭቃ ለሚረግጥ፣ ጥርስ ያለው ሶል ያስፈልጋል።

በአዲስ አበባ ብዙ ወጣት ሯጮች የሚገዙት ሰልባጅ ጫማ መሆኑ የታወቀ ነው፤ አቅም ሲያንስ ይህ የሚያስነቅፍ አይደለም። ነገር ግን የጫማው ላይኛው ክፍል ታጥቦ አዲስ ቢመስልም አረፋው እርጅናውን አይደብቅም። ጫማው በጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ከኋላ ሲታይ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ፣ የአረፋው ጎን በብዙ አግድም መስመሮች ከተጨማደደ ወይም በአውራ ጣት ሲጫኑት እንደ እንጨት ከደረቀ፣ ያለፈው ባለቤቱ ዕድሜውን ጨርሶታል።

የታላላቅ ሯጮችን ጫማ መከተልም ሌላ ስህተት ነው። ትዕግሥት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2023 በበርሊን ማራቶን በ2:11:53 የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ስታሻሽል ያጠለቀችው አዲዳስ 138 ግራም ብቻ የሚመዝን፣ በ500 ዶላር የተሸጠና ለውድድር ቀን እንጂ ለዕለት ልምምድ ያልተሠራ ጫማ ነበር። አበበ ቢቂላም እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማሸነፉ ጫማ አያስፈልግም ለማለት ይጠቀሳል፤ እርሱ ራሱ ግን ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ በ2:12:11.2 በመግባት የዓለምን ምርጥ ሰዓት አስመዝግቧል።

የሩጫ ጫማ በአማካይ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ያገለግላል ተብሎ ስለሚገመት፣ በሳምንት 30 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ሌላ ማዘጋጀት ይኖርበታል። በሉክሰምበርግ በ264 ሯጮች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ከአንድ በላይ ጫማ እያፈራረቁ የሚሮጡት በአንድ ጫማ ብቻ ከሚሮጡት ያነሰ ጉዳት እንደደረሰባቸው አመልክቷል፤ የተለያየ ሶል ጫናውን በተለያየ የእግር ክፍል ላይ ስለሚያከፋፍለው ይመስላል። ስለዚህ አዲሱ ሲገዛ አሮጌውን ወዲያው ከመጣል ይልቅ ለጥቂት ሳምንታት በአጫጭር ሩጫዎች ላይ ማፈራረቁ ይጠቅማል፤ የረጠበውም ጫማ በእሳት ዳር ወይም በጠራራ ፀሐይ ሳይሆን ንጣፉ ወጥቶ፣ ጋዜጣ ተጠቅጥቆበት፣ በጥላ ሥር መድረቅ አለበት፤ ሙቀት አረፋውንና ሙጫውን ያበላሻልና።