ሽቦው በየት በኩል ይወጣል?

የአክስቴ ልጅ ጀርመን አገር የሕንፃ መስታወት ይገጥማል። ባለፈው ሲመጣ ዘመድ ሁሉ ሽቶና ቸኮላት ሲጠብቅ፣ እሱ ከሻንጣው መሃል በሁለት ሹራብ የተጠቀለለች መስታወት አውጥቶ የማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣት። በአራቱም ጎን 20 ሳንቲሜትር ናት፤ ከትልቅ ሰሃን አትበልጥም። ሲያነሷት ግን ከኪሎ በላይ ትመዝናለች። በውስጧ አራት ጠቆር ያሉ ካሬዎች ይታያሉ፤ ከአንደኛዋ ማዕዘን ደግሞ ቀይና ጥቁር ሽቦ ወጥቷል። ለደንበኛ ማሳያ የተሠራች ናሙና ናት።

እናቴ ከሩቅ ቆማ አየቻትና፣ «ይሄ ነገር ኮረንቲ አይዝም?» አለች።

«አይዝም እቴቴ፣ ይንኩት» አላት። እሷ ግን አልነካችም።

ጣሪያ ላይ የሚሰቀለውን ሶላር ሁላችንም እናውቀዋለን። ይሄኛው ግን ራሱ መስኮት ነው፤ ብርሃን ያስገባል፣ ሙቀት ይይዛል፣ ኮረንቲም ያመነጫል። እኔም እንደ ማንኛውም ሰው የገረመኝ ማመንጨቱ ነበር። የአክስቴ ልጅ ግን ስለ ማመንጨቱ ብዙም አላወራም። አመሻሹን ሙሉ ያወራው ሽቦው ስለሚወጣባት ቦታ ነው፤ ሲነሳ እኔም ከዚያች ማዕዘን ሌላ የሚታየኝ ነገር አልነበረም።

መጀመሪያ ካሬዎቹ። እያንዳንዳቸው የሲሊከን ሴል ናቸው። አንድ ሴል ፀሐይ ሲያገኝ የሚሰጠው ግማሽ ቮልት ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ ሴሉ ትልቅም ይሁን ትንሽ ቮልቱ ያው ነው። መጠኑ ሲጨምር የሚጨምረው አምፔሩ ነው። ቮልት የፈለገ ሰው እንደ ባትሪ ድንጋይ መደርደር አለበት። የእጅ ባትሪ ውስጥ የአንዱ ድንጋይ ራስ የሌላውን ቂጥ እንደሚነካ ሁሉ፣ እዚህም የአንዱ ሴል ፊት ከቀጣዩ ሴል ጀርባ ጋር ይያያዛል። የሚያያይዘው በቆርቆሮ የተለበጠ፣ ስፋቱ ሁለት ሚሊሜትር እንኳ የማይሞላ፣ እንደ ወረቀት የሳሳ የመዳብ ጥብጣብ ነው። ሴሎቹ ላይ የሚታዩት ብርማ መስመሮች እነሱ ናቸው። ተራው ሲያልቅ ሰፋ ያለ ጥብጣብ ሁሉንም ሰብስቦ ወደ ጠርዝ ያመጣል፣ አንዱ ለፖዘቲቭ፣ አንዱ ለኔጋቲቭ።

ናሙናዋን ፀሐይ ወደሚገባበት መስኮት አስጠግተን ቴስተር ስናገናኝ 2.4 ቮልት አነበበ። አራት ሴል፣ እያንዳንዱ 0.6። ልክ ነው። ይሄኔ እናቴ ደፍራ መጣችና መዳፏን በአንዱ ሴል ላይ አሳረፈች። ቮልቱ ትንሽ ወረደ እንጂ ብዙም አልተለወጠም። «አየህ፣ ሦስቱ ይበቁታል» አለች። የአክስቴ ልጅ ሳቀና ቴስተሩን ወደ አምፔር አዞረው። መዳፏ ሲነሳ ከአንድ አምፔር በላይ፤ ሲያርፍ ወደ ምንም የተጠጋ። አራቱ የተያያዙት በአንድ መስመር ስለሆነ የሚያልፈው ፍሰት የደካማውን ሴል ያህል ብቻ ነው። ግቢ ውስጥ የውሃ ጎማ በአንድ ቦታ ሲረገጥ እንደሚሆነው ነው። ይባስ ብሎ የተሸፈነው ሴል ከሌሎቹ የመጣውን ጉልበት ወደ ሙቀት እየለወጠ ራሱን ያቃጥላል። በትልልቆቹ መስታወቶች ላይ ይህ እንዳይደርስ፣ ሃያ ገደማ ለሚሆኑ ሴሎች አንድ ዳዮድ ይመደባል፤ ከሴሎቹ በአንዱ ላይ ጥላ ሲያርፍ ፍሰቱ በዳዮዱ በኩል ዞሮ ያልፋል። ሕንፃ ላይ ደግሞ ጥላ አይጠፋም፤ የጎረቤት ፎቅ አለ፣ የመስኮቱ ፍሬም ራሱ አለ።

አሁን ወደ ጎኗ። ናሙናዋን በጠርዟ ሲያቆሟት ሦስት መስታወት ናት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተጣብቀዋል፤ ሴሎቹ ያሉት በእነሱ መሃል ነው። በሁለት ግልጽ የፕላስቲክ ንጣፎች ተይዘው፣ አየሩ ተመጥጦ፣ ከ140 እስከ 150 ዲግሪ አካባቢ ተግለው አንድ አካል ሆነዋል። የበርሊን ዋና ባቡር ጣቢያ ጣሪያ ላይ ያሉት ሶላር መስታወቶችም ሴሎቻቸው በሁለት የተጣበቁ መስታወቶች መሃል ናቸው። ጣቢያው የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ 780 መስታወት፣ 78 ሺህ ያህል ሴል አለው። ባቡር የሚወጣበትና የሚገባበት አዳራሽ ሙቀት ያዝልኝ አይልም። ቢሮና መኖሪያ ቤት ግን ይላል። ስለዚህ ከሁለቱ ጀርባ 16 ሚሊሜትር ገደማ ክፍተት ይተውና ሦስተኛ መስታወት ይቆማል። ክፍተቱ ውስጥ ያለው አርጎን ነው፤ ከአየር ይልቅ ሙቀት የማያሳልፍ ጋዝ።

ክፍተቱን የሚጠብቀው ዙሪያውን የሚሄድ ውስጡ ክፍት የሆነ ቀጭን ዘንግ ነው። ናሙናዋን ስነቀንቃት እንደ ጤፍ ነገር ሽው አለ። ዘንጉ ውስጥ እርጥበት የሚጠጡ ጥቃቅን እንክብሎች አሉ፤ አዲስ ጫማ ሳጥን ውስጥ የምትገኘዋ ከረጢት ዓይነት ሥራ ይሠራሉ። ዘንጉን ከመስታወቱ ጋር ያጣበቀው እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ጥቁር ቡቲል ነው፤ እርጥበት የሚከለክለውና ጋዙን የሚያስቀረው እሱ ነው። ከውጭ ደግሞ ሲሊኮን፤ የሱ ሥራ መስታወቶቹን አጥብቆ መያዝ ነው። ይህ ግንብ አንዴ ከተሸነቆረ እንክብሎቹ ጠጥተው ይጠግቡና በመስታወቶቹ መሃል ጉም ይቆማል። ከውስጥም ከውጭም ብትወለውለው የማይለቅ ጉም።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። መስታወቱ ምንም ነገር እንዳይገባበት የታሸገ ዕቃ ነው። ኮረንቲው ግን መውጣት አለበት።

አንደኛው መንገድ ጥብጣቦቹን በተጣበቁት ሁለት መስታወቶች መሃል ይዞ በቀጥታ በጠርዙ ማውጣት ነው። ከጠርዙ ላይ እንደ እስክሪብቶ የቀጠነ ቦክስ ይለጠፋል፤ ሽቦው ከጥብጣቡ ጋር የሚበየደው እዚያ ውስጥ ነው። አርጎኑ አልተነካ፣ ቡቲሉ አልተበሳ። እኔ ቤት ብሠራ የምመርጠው ይሄን ነው። ዕዳው ሌላ ነው፦ ያቺ ቀጭን ቦክስ ዳዮዱንም ከያዘች ሙቀቱን የምታራግፍበት ቦታ የላትም። በትልልቆቹ መስታወቶች ላይ ዘጠኝ አምፔር በዳዮድ ሲያልፍ አራት ዋት ገደማ ሙቀት ይወጣል፤ ፍሬም ውስጥ በታፈነች፣ ነፋስ በማያገኛት ነገር ላይ አራት ዋት ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ የናሙናዋ ነው። የመሃለኛው መስታወት ይበሳል። የሚበሳው ደግሞ ከመጠንከሩ በፊት ነው፤ በእሳት ከተጠናከረ በኋላ መሰርሰሪያ የነካው መስታወት እንደ ቆሎ ይበታተናል። ሽቦው በቀዳዳው ወደ አርጎኑ ክፍተት ይገባል፤ ከዚያ በዘንጉ፣ በቡቲሉና በሲሊኮኑ አልፎ ይወጣል። ሥራው ቀላል ነው፣ ቦክሱም ሰፊ ቦታ ያገኛል። ግን ሽቦው ግንቡን በስቶ አለፈ።

«ዙሪያውን በቡቲል ካሸግከው ምን ይሆናል?» አልኩት።

መልስ ሳይሰጠኝ መሳቢያ ከፍቶ የቆየ የኤክስቴንሽን ገመድ ቁራጭ አወጣና በፒንሳ ጫፉን ላጠው። ውስጡ አንድ ወፍራም መዳብ አይደለም፤ ብዙ ቀጫጭን ክሮች የተገመዱበት ነው። «ይሄ ምን ይመስልሃል?» አለኝ። ቆይቶ ገባኝ፤ የኩራዝ ፈትል። ፈትሉ ጋዝ ወደ ላይ እንደሚስበው፣ የተገመደ ሽቦም በክሮቹ መሃል ባሉት ቀዳዳዎች እርጥበት ይስባል። ላስቲኩን ከውጭ የፈለግከውን ያህል ብታሽገው፣ ውሃው የሚሄደው በላስቲኩ ውስጥ ነው። በአንደኛው ጫፍ ዝናብ፣ በሌላው ጫፍ ደረቅ አርጎን። ስለዚህ ሽቦው በማሸጊያው በሚያልፍበት ቦታ ላይ ላስቲኩ ይላጥና ክሮቹ በብየዳ ተሞልተው አንድ ወጥ ብረት ይሆናሉ፤ ቡቲሉ የሚያርፈው በዚያ ባዶ ብረት ላይ ነው። ወይም ከመጀመሪያውም ነጠላ መዳብ ያልፋል። አንድ ሳንቲሜትር የማይሞላ ሥራ ነው፤ መስኮቱ ስንት ዓመት ጥርት ብሎ እንደሚቆይ የምትወስነው ግን እሷ ናት።

ፀሐይዋ ሌላም ፈተና አላት። ጣሪያ ላይ ያለ ሶላር ጀርባውን ነፋስ ያበርደዋል። ይሄኛው ጀርባው ላይ ሙቀት እንዳያልፍ ተብሎ የተሞላ ጋዝ አለ። ሴሎቹ በጠራራ ከ60 ዲግሪ በላይ ይግላሉ፣ ከ25 ዲግሪ በላይ በያንዳንዱ ዲግሪም 0.4 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣሉ። መዳብ ሲሞቅ ደግሞ ከመስታወት እጥፍ ያህል ይለጠጣል። ጠዋት ይለጠጣል፣ ማታ ይሰበሰባል፣ በየቀኑ። ጥብጣቡ ተወጥሮ ከተበየደ ብየዳውን ቀስ በቀስ ያላላዋል፤ ስለዚህ በሴሎቹ መሃል ትንሽ ጎበጥ ብሎ ይተዋል።

የላላ ግንኙነት ምን ያህል ያስፈራል? ብናሰላው፣ 0.1 ኦም ብቻ የሚቃወም መጋጠሚያ 9 አምፔር ሲያልፍበት ስምንት ዋት ገደማ ሙቀት ያወጣል፤ የመርፌ ጫፍ በምታህል ቦታ ላይ። የላላ ግንኙነት ብልጭታም ይፈጥራል። የቤታችን 220 ቮልት በሴኮንድ መቶ ጊዜ ዜሮ ላይ ስለሚደርስ ብልጭታው ብዙ ጊዜ ራሱ ይጠፋል። የሶላር ኮረንቲ አቅጣጫውን የማይለውጥ ስለሆነ ብልጭታው አንዴ ከተያዘ ይቆያል። እናቴ የጠየቀችው ጥያቄ ትክክለኛ መልስም እዚህ አለ፦ ይቺ ናሙና አትይዝም። አንድ ሙሉ መስታወት 30 ወይም 40 ቮልት ነው። ሃያ መስታወት በተከታታይ ሲያያዝ ግን ብዙ መቶ ቮልት ይሆናል፤ ያ ይይዛል፣ ይገድላልም። ኮረንቲውን ወደ ቤት ኮረንቲ የሚለውጠውን ኢንቨርተር ብታጠፋው እንኳ፣ ፀሐይ እስካለች መስታወቱ ራሱ አይጠፋም፤ ጋቢ ካላለበስከው በስተቀር።

የአክስቴ ልጅ አንድ ሕንፃ ላይ የገጠመውን ሲነግረን ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሥራውን የጀመረው ሌላ ቡድን ነበር፤ መጋጠሚያዎቹ የሁለት አምራቾች ነበሩ። ተገፍተው ገቡ፣ «ቀጭ» አሉ፣ ሁሉ ደህና መሰለ። ውስጡ ግን ብረቱ ከብረቱ ጋር በደንብ አልተነካካም። በሁለተኛው በጋ አንደኛው ቀልጦ ተገኘ። መጋጠሚያው ያለው ፍሬሙ ውስጥ ነው፤ እሱን ለማግኘት እንደገና መወጣጫ ተተክሎ መስታወቱን የያዘው ሽፋን ተፈታ። በጣት የሚያዝ ዕቃ ለመለወጥ ሦስት ሰው አንድ ቀን ሙሉ ዋለ። ከዚያ ወዲህ በአንድ ነገር ላይ ግትር ነው፦ መጋጠሚያው ከፍሬሙ በታችኛው ቦይ ውስጥ አይቀመጥም። ያ ቦይ ውሃ እንዲወርድበት የተሠራ ነው፤ ሽቦ የሚያልፈው በላይ በኩል ነው፣ ቀዳዳው ጎማ ይለብሳል፣ ሽቦውም ከመጋጠሚያው በፊት ወደ ታች ዞር ብሎ ይወጣል፤ ጠብታው ከዚያ ይንጠባጠብና ይቀራል።

ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር አሳየኝ። ማስመሪያ አምጥቶ በናሙናዋ የውስጥ መስታወት ላይ አጋደመው። ማስመሪያው መሃሉ ላይ አርፎ ጫፎቹ ተንጠለጠሉ፤ ሁለት ሦስት ቅጠል ወረቀት ያስገባል። ጀርመን ስትሠራ ልሙጥ ነበረች። አውሮፕላን ውስጥ የቺፕስ ከረጢት እንደሚነፋው ናት። የታሸገችው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ገደማ ያንሳል፤ ውስጥ ያለው ጋዝ ይገፋል። መስታወቱ ባይለጠጥ ኖሮ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ከሁለት ቶን የሚበልጥ ግፊት ይሆን ነበር። ይህ ሁሉ የሚያርፈው የጠርዙ ማሸጊያ ላይ ነው፤ ቡቲሉም የሚላላው አስቀድሞ የተበሳበት ቦታ ላይ ነው። ለደጋ አገር የሚላክ ድርብ መስታወት ቀጭን የመተንፈሻ ቱቦ ይደረግለታል። በዚያ ቱቦ ግን አርጎኑም ይወጣል።

እናቴ፣ «ታዲያ ለኛ ሳሎን ይሆናል?» አለች።

«ለናንተ ጣሪያው ይሻላል እቴቴ።» እውነቱን ነው። በርሊን ላይ የታኅሣሥ ቀትር ፀሐይ ከአድማስ 14 ዲግሪ ብቻ ነው ከፍ የምትለው፣ የቆመ ግድግዳ ፊት ለፊት ያገኛታል። እኛ ጋ ሚያዝያ መጀመሪያና ነሐሴ ማብቂያ ላይ ቀትር ሲሆን አናታችን ላይ ናት፤ የቆመውን መስኮት በጠርዙ ብቻ ታየዋለች።

የሽቦዎቹን ጫፍ ለየብቻ በናስትሮ ጠቅልሎ ናሙናዋን ለእናቴ ትቶላት ሄደ። አሁን መስኮቱ ደፍ ላይ ቆማለች። ክረምቱ ከገባ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ቡና እስኪፈላ ያቺን ማዕዘን አያለሁ። ትናንት እናቴ ከኋላዬ መጥታ፣ «ጉም ያዘ?» አለችኝ። ገና ነው።